አበባ የተለጠፈበት ቅጽ

ፋይሉ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ። ለሦስተኛ ጊዜም ሰማያዊው የመመዝገቢያ ቅጽ ብቅ ከማለቱ ፕሮግራሙ እንዳለ ድርግም ብሎ ተዘጋ። መምህር ዳኘው እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንሥተው ግንባራቸውን ያዙ።

«አልሆነም» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

ያምሮት ከኋላቸው ቆማለች። አጠገቧ ጓደኛዋ ባንቺአየሁ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ታኝካለች። ሁለቱም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የኮምፒውተር ክበብ አባል ስለሆኑ ትምህርት ቤቱ በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተዘግቶም ቢሆን የአገር አቀፍ ፈተና ተፈታኞችን ስም እንዲመዘግቡ መምህር ዳኘው ፈቅደውላቸዋል። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። የሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ታትሞና ማኅተም ተመትቶበት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፍኖተ ሰላም፣ ዞኑ ትምህርት መምሪያ መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው፤ መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ዓመት። የዛሬው ፈረቃ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

ግራር አምባ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ልጆች ይልቅ ከገጠር የሚመጡት ይበዛሉ፤ ትምህርት ሲዘጋ ሁሉም ወደየቀዬው ይበተናል። ስለዚህ ዛሬ ግቢው ጭር ብሏል። የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ግን የርዕሰ መምህሩ የአቶ ገነነ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ አለ።

«እህስ ዳኘው? ዳነ?»

«ገና ነው።»

«ገና!» አቶ ገነነ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ውጭ ዞረው ተጣሩ፦ «አቶ ታከለ! ይምጡ እስቲ!»

ያምሮት ባንቺአየሁን አየቻት።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለሆኑ ውላቸው በየዓመቱ ነው የሚታደሰው።

«ልጆቹ ትናንት እየሠሩ ሳሉ ሳይናገሩ መብራቱን አጥፍተውባቸዋል» አሉ አቶ ገነነ። «ይኸው ፋይሉ ተበላሸ። ምን ይላሉ?»

«ኧረ ጌታዬ! ማጥፋቱንስ አጥፍቻለሁ፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቆጣሪውን ዝጉ ብለው ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ግን ሁለት ጊዜ ተጣርቻለሁ። ‹ዝጉት ጋሼ› ተብዬ ነው የዘጋሁት።»

«ማን ነው ያለዎት?»

ጋሽ ታከለ ቀና አሉ። ዓይናቸው በባንቺአየሁ ላይ አለፈና ያምሮት ላይ ለአፍታ አረፈ።

«ድምፅ ሰማሁ እንጂ ፊት አላየሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ያላየሁትን አልመሰክርም።»

«እንግዲያው ሰኞ የስንብት ደብዳቤዎን ይወስዳሉ» አሉ አቶ ገነነ፤ እንደ አመጣጣቸው እየተጣደፉ ወጡ። ጋሽ ታከለ ባርኔጣቸውን መልሰው ሳያደርጉ ተከተሏቸው።

ጠዋት ርዕሰ መምህሩ «ትናንት ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ የመለሰችው ባንቺአየሁ ነበረች። «ጋሽ ታከለ ሳይነግሩን አጠፉብን» ነበር ያለችው፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ያምሮት ደግሞ ዝም አለች። ዝምታው እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረላት።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቀሯቸውን ሁለት ስሞች አስገብተው ሲጨርሱ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። መምህር ዳኘው ቡሬ ሄደው ነበር። ያምሮት ቅጹን እያየች «ይኼ ቅጽ ግን ፋራ ነው» አለች። እውነትም ደብዛዛ ሰማያዊ ነበር፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ የሚሞላባቸው ነጫጭ ሣጥኖች ተደርድረውበታል፤ ሌላ ምንም የለውም። ቅጽ እንዴት እንደሚሠራ በክበቡ ተምራለች። መምህር ዳኘው ያኔ ደጋግመው የነገሯቸው አንድ ነገር ነበር፦ የምንሠራበትን ፋይል ቅጽ አትንኩ፤ መለማመድ ከፈለጋችሁ ፋይሉን ገልብጣችሁ ግልባጩ ላይ ተለማመዱ።

«አንዴ ብቻ» ብላ ቅጹን በሚሠራበት ገጽ ከፈተችው። ኮምፒውተሩ ይዟቸው ከመጣው ሥዕሎች አንድ ትልቅ ቢጫ አበባ መርጣ ከሣጥኖቹ ጀርባ አነጠፈችው። ርዕሱን ቀይ አደረገችው። ባንቺአየሁ «ውይ አሪፍ!» እያለች ታጨበጭብ ነበር። ያምሮት በልቧ የነገውን አስባለች፤ መምህር ዳኘው ገብተው ቅጹን ሲያዩ፣ «ማን ነው እንዲህ ያሳመረው?» ሲሉ፣ እሷ አንገቷን ደፋ ስታደርግ።

ከውጭ የጋሽ ታከለ ድምፅ መጣ። «ልጆች! ልዘጋ ነው! ጨርሳችኋል?»

አልመለሰችም፤ አበባውን ወደ ግራ እየገፋች ነበር።

«ልዘጋ ነው ብያለሁ!»

«ዝጉት ጋሼ!» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። እሳቸው ቆጣሪው ዘንድ እስኪደርሱ እጨርሳለሁ ብላ ነበር። ‹አስቀምጥ› የሚለውን ስትጫነው ስክሪኑ ጨለመ። ኃይል ይይዛል የተባለው ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ አንዴ ጢጥ አለና እሱም ዝም አለ።

«ያምሮት» አሉ መምህር ዳኘው፤ ከሐሳቧ መለሷት። «መብራቱ ሲሄድ ስም እያስገባችሁ ነበር፣ አይደል?»

አፏን ከፈተች። ባንቺአየሁ ቀደመቻት።

«አዎ ቲቸር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስሞች።»

«እሱን ነው የፈራሁት። ሠንጠረዡ ላይ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ የስሞቹ መረጃ ራሱ ተቆራርጧል ማለት ነው።» መምህሩ ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። «ከዛሬ አሥራ አራት ቀን በፊት የገለበጥኩት እዚህ አለ። በሱ እንተካዋለን፤ ሌላ ምርጫ የለንም።»

«ከዚያ ወዲህ ያረምናቸው ስሞችስ?» አለች ያምሮት።

«መቶ አርባ ሦስት ስም» አሉ መምህሩ። «ይጠፋል። ወረቀት አልያዝንም፤ ተማሪውን እዚሁ እያስጠራን ነው ያረምነው። አሁን ደግሞ ሁሉም አገሩ ገብቷል። ከነስሕተቱ እንልከዋለን፤ በኋላ በማመልከቻ ያሳርሙ።»

ያምሮት ስም ማሳረም ምን ያህል እንደሚያደክም አይታለች። ባለፈው ሳምንት ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ተማሪ ከአባቷ ከመሪጌታ ክንፈሚካኤል ጋር የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታ ነበር። ስሟን አንዱ ጸሐፊ «ወ/ጊዮርጊስ» ብሎ አሳጥሮት፣ ሌላው ያንን ወልደ ጊዮርጊስ ብሎ አንብቦት፣ ፆታዋ ወንድ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። «እግዜር ሴት አድርጎ የሰጠኝን ልጅ» ብለው ነበር መሪጌታ፣ «እናንተ በአንዲት ጭረት ወንድ አደረጋችኋት። ጭረቷን አንሡልኝ፤ ልጄን መልሱልኝ።» ያምሮት ናት ያረመችው። ልጅቷ ስክሪኑን አይታ ስሟን በጣቷ ነክታ አንብባ ነው የሄደችው። እንግዲህ ለፈተና ስትቀርብ ወንድ ተብላ ልትጠራ ነው። «ይህ አንቺ አይደለሽም» ቢሏትስ?

«ትንሽ አየር ልውሰድ ቲቸር» አለችና ወደ በረንዳው ወጣች። ባንቺአየሁ እግር በእግር ተከተለቻት።

«ፊትሽን አስተካክይ፤ ያስነቃብናል» አለች ባንቺአየሁ በሹክሹክታ።

«ልነግራቸው ነው።»

«አበድሽ? ከክበቡ ያባርሩሻል። አባትሽ ሲሰማ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ።»

«ጋሽ ታከለ እኮ ድምፄን ያውቁታል። በየቀኑ ነው ሰላም የምላቸው። አውቀው ነው ዝም ያሉት!»

«ዝም ካሉ ዝም ብለዋል።» ባንቺአየሁ ቀረብ አለቻት። «እኔስ? ላንቺ ብዬ አይደለም የዋሸሁት? አሁን አንቺ እውነተኛ፣ እኔ ውሸታም ልሆን ነው? በቃ እንደዚህ ነው ጓደኝነት?»

ያምሮት ዓይኗን ወደ ግቢው መለሰች። ባንቺአየሁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ናት። ማንም ሳይጠይቃት ከፊቷ ቆማ የተመታችላት ስንት ጊዜ ነው! በዚያ በኩል በግቢው ጥግ ጋሽ ታከለ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በበትራቸው ይጭራሉ።

ከውስጥ የማውሱ ድምፅ ተሰማ። ጠቅ። እንደገና ጠቅ። ያምሮት በበሩ አንገቷን አስግጋ አየች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ወጥታለች፤ በዚያው ስም የተቀመጠ ፋይል አለ፣ በአሮጌው ልተካው ወይ፣ ትላለች። የመምህሩ ጣት ማውሱ ላይ ነበር።

«ቲቸር፣ አይተኩት!»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። መምህር ዳኘው ደንግጠው ዞሩ።

«ስም እያስገባን አልነበረም» አለች፤ ቃሉ እየተጋፋ ወጣ። «ስሞቹን ቀደም ብለን ጨርሰን ነበር። እኔ ቅጹን እየነካሁ ነበር። አበባ ለጠፍኩበት። ጋሽ ታከለ ሁለቴ ጠርተውናል፤ ዝጉት ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ባንቺአየሁ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ያምሮት ቁጣውን ጠበቀች። መምህሩ ግን ጥያቄ ጠየቋት።

«ቅጹን በሚሞላበት ነው ወይስ በሚሠራበት ገጽ የከፈትሽው?»

«በሚሠራበት።»

«መብራቱ የሄደው አስቀምጥ ስትዪው ነው?»

«ልክ ስጫነው።»

«ስም የሚጻፍበትን ሠንጠረዥ አልነካሽውም? እርግጠኛ ነሽ?»

«አልነካሁትም። በወለተ ጊዮርጊስ ስም!» አለች፤ ለምን በእሷ ስም እንደማለች አላወቀችም።

መምህር ዳኘው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ፊታቸው ላይ ንዴት አለ፤ ግን ጠዋት ያልነበረ ተስፋም ታየበት።

«ስሚ» አሉ። «ስሞቹ የተቀመጡት ሠንጠረዡ ውስጥ ነው። ቅጹ ወደዚያ መግቢያ በር ነው። ፋይሉ ሲከፈት ቀድሞ ቅጹን እንዲያመጣ አድርጌው ስለነበር፣ በሩ በተሰበረ ቁጥር ቤቱ የፈረሰ እየመሰለኝ ነው ጠዋቱን ሙሉ ስባዝን የቆየሁት። የተበላሸው በሩ ብቻ ከሆነ እህሉ ጎተራው ውስጥ ደህና ነው።» ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። «ባንቺአየሁ፣ አንቺም ግቢ። በሩ ላይ አትቁሚ።»

መጀመሪያ የታመመውን ፋይል ባለበት ገልብጠው በሌላ ስም አስቀመጡ። «በሽተኛውን ከመንካት በፊት ግልባጩን ያዝ» አሉ ለራሳቸው እየተቆጡ። ከዚያ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ጫን ብለው ይዘው ፋይሉን ከፈቱት። «እንዲህ ሲያዝ ያንን የመጀመሪያ ቅጽ ሳያመጣ ያልፈዋል።»

ስክሪኑ ነጣ። ፕሮግራሙ አልተዘጋም። በስተግራ የሠንጠረዦቹና የቅጾቹ ስም ተደርድሮ ወጣ።

«ሠንጠረዡን ክፈቱት፣ ቲቸር» አለች ያምሮት።

ከፈቱት። ስሞች ከላይ እስከ ታች ጎረፉ። መምህሩ ወደ ታች አወረዱት፣ ወደ ወ። ወለተ ጊዮርጊስ ክንፈሚካኤል። ሴት። ያምሮት ስሙን በጣቷ ነክታ አነበበችው።

ሥራው ግን ገና ነበር። የታመመው ቅጽ ካለበት ፋይል ማተም አደጋ አለው፤ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። መምህር ዳኘው አዲስ ባዶ ፋይል ፈጠሩና ሠንጠረዦቹን ከታመመው ፋይል ወደዚያ ማስገባት ጀመሩ። ምን ምን ይግባ ብሎ ሲጠይቃቸው በችኮላ ‹ሁሉም› የሚለውን መረጡ።

«ቲቸር፣ ቅጹንም አብረው መረጡት!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ልክ ነሽ» አሉና የመመዝገቢያውን ቅጽ ምልክት አነሡለት። ሠንጠረዦቹ ገቡ፤ ዝርዝሩ የሚታተምበት ገጽም ገባ። ቅጹን ደግሞ ከፍላሹ፣ ከአሥራ አራት ቀን በፊቱ ፋይል አመጡት፤ ያኔ ገና ጤነኛ ነበር። ባንቺአየሁ ሰዓት ትቆጥራለች። «አምስት ከሃያ… አምስት ከሃያ አምስት…»

ቅጹን ከፈቱት። ደብዛዛው ሰማያዊ ቅጽ ከነሣጥኖቹ ቁጭ አለ። ፕሮግራሙ አልተዘጋም። መምህሩ ቁጥሩን አዩ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት። አንድም አልጎደለም።

አሮጌው ፕሪንተር እያቃሰተ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ ያወጣ ጀመር። በስድስተኛው ገጽ ወረቀት ጎረሰና ቆመ። ያምሮት ክዳኑን ከፍታ የተጨማደደውን ወረቀት ሳትቀድ ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ ጣቶቿ በቀለም ጠቆሩ። እንደገና ተነሣ። አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ገጽ ሲወጣ ባንቺአየሁ «አምስት ከሃምሳ ሦስት» አለች። መምህር ዳኘው ፋይሉን በሥርዓቱ ዘጉት፤ ወደ ፍላሹ ገለበጡት፤ ኮምፒውተሩንም አጠፉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጣሪያው አምፖል ሲጠፋ ማንም አልደነገጠም።

«ሰኞ ፋይሉን ለሁለት እከፍለዋለሁ» አሉ መምህሩ ወረቀቶቹን እያስተካከሉ። «ስሞቹ ለብቻ፣ ቅጾቹ ለብቻ። ያኔ ቅጽ ቢበላሽ ቅጽ ይጣላል፤ ስም አይነካም። በየቀኑ ሳትገለብጡም ከዚህ ክፍል የሚወጣ የለም።» ከዚያ ወደ ያምሮት ዞሩ። «አታድርጊ የተባልሽውን አድርገሻል፤ እሱን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። ግን አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሳልገለብጥ የተኛሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ታከለስ?» አለች።

መምህር ዳኘው ወደ በሩ ተመለከቱ። «ሰኞ ለአቶ ገነነ ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ። የናንተን ስም ሳላነሣ። የባትሪው ማርጀት ነው እላቸዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።»

ወረቀቶቹን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዱ። የማኅተሙ ድምፅ እስከ በረንዳው ድረስ ተሰማ፤ ጧ፣ ጧ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ የአቶ ገነነ ሳቅ መጣ። «አበጀህ ዳኘው! በዚያ ሽማግሌ ጦስ ጉድ ሆነን ነበር!» መምህሩ ምን እንደመለሱ አልተሰማም። ብቻቸውን ወጡና ወደ መምህራን ክፍል አቀኑ።

ያምሮትና ባንቺአየሁ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ፍኖተ ሰላም የምትሄደው መኪና ገና አልመጣችም። ጋሽ ታከለ መኪናዋ ስትደርስ እንዳትቆም ብለው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ በራሱ የሚዘጋውን ክንፍ በድንጋይ እየደገፉ ነበር።

«በቃ ቲቸር ይነግሯቸዋል» አለች ባንቺአየሁ። «ሰኞ ሁሉም ይረሳል።»

«እሳቸውስ እስከ ሰኞ?»

ባንቺአየሁ የሹራቧን እጅጌ ማኘክ ጀመረች።

«ቅዳሜና እሑድን እንዴት ያሳልፋሉ? ለሚስታቸው ምን ይላሉ?» ያምሮት ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። «ያንቺን ስም አላነሣም። ‹ዝጉት› ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ብቻ ነው የምናገረው።»

«ያምሮት፣ ተይ…»

ባንቺአየሁ ክንዷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ መሐል ላይ ተወችው፤ ፊቷንም ወደ ሜዳው አዞረች። ያምሮት ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ብቻዋን በኮሪደሩ ሄደች።

የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። አቶ ገነነ ትልቁን ቡናማ ፖስታ እያሸጉ ነበር፤ ቀና ብለው ጣቷ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለም አዩ።

«ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም» አለች ያምሮት። «መኪናዋ እስክትመጣ ስለ ጋሽ ታከለ የምነግርዎት ነገር አለ።»